ሜፕሉ አይሞትም፤ ወጥ ቤትሽን ግን አድኚ

እህቴ፣ «ሚኒሶታ ነን፣ ጓሮአችን ትልቅ የሜፕል ዛፍ አለ፤ ግንዱን በስተን በሚወርደው ውሃ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰውን ጣፋጭ ሽሮፕ ብናወጣበት ይሞታል? ወጥ ቤት ውስጥስ ማፍላት ይቻላል?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ነኝ፤ አራት ዓመት ሞክሬዋለሁ።

ዛፉ አይሞትም። ግንዱ ግን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። በ8 ሚሊ ሜትር ድሪል 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብሺው። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ወደ ላይ ይዘንብል፣ ውሃው በራሱ እንዲወርድ። የሚወጣው ፍርፋሪ ነጣ ካለ ጥሩ ነው፤ ከጠቆረ የሞተ እንጨት ነው የነካሽው። ቀዳዳው ላይ ውሃው የሚወርድበትን ቱቦ ሰኪበት። ወቅቱ ሲያበቃ ቱቦውን ንቀይና ቀዳዳውን ተዪው። በምንም አትድፈኚው፣ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል። ለከርሞ ሌላ ቦታ ትበሺያለሽ።

ጊዜው ማርች አካባቢ ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች፣ ቀን ደግሞ ከዜሮ በላይ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ጠብ አይልም። እንቡጡ ማበጥ ሲጀምር አቁሚ፣ ጣዕሙ ይበላሻል።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ። ከዛፉ የሚወርደው ውሃ ነው በቃ። ስትቀምሽው ማር የተሰሰተበት ብርዝ ይመስላል። 40 ሊትር አፍልተሽ 1 ሊትር ሽሮፕ ብታገኚ ነው። ሌላው የት ይሄዳል? እንፋሎት ሆኖ ቤትሽ ውስጥ! የመጀመሪያው ዓመት ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ጥጄ ዋልኩ። ማታ ግድግዳው ያልበው ነበር፣ የኮርኒሱ ቀለም እንደ ቆዳ ተልጦ ተንጠለጠለ። ለአከራዬ ምን ብዬ ላስረዳ? ስለዚህ ውጭ ይፍላ፤ የመጨረሻዋን ድስት ብቻ ወደ ውስጥ አስገቢ። እስክታፈዪው ድረስ ውሃውን እንደ ወተት ቁጠሪው። ፍሪጅ ወይም በረዶ ውስጥ ይቀመጥ፣ ብዙ ቀን አይደር።

ሊገነፍል ሲል ጠብታ ቅቤ አረፋውን ያስተኛዋል። ያልተነጠረ ይሁን! እኔ እጄ ላይ የነበረውን ከአገር ቤት የመጣ ንጥር ቅቤ ጣል አድርጌ፣ ኮረሪማ ኮረሪማ የሚል ሽሮፕ ወጣልኝ። ልጆቹ ፓንኬኩን አሽትተው ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

መድረሱን በቴርሞሜትር እዪ፤ ውሃ ከሚፈላበት 4 ዲግሪ ሲያልፍ፣ 104 አካባቢ፣ ደርሷል። በትኩሱ በወፍራም ንጹህ ጨርቅ አጥልዪው፤ አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ አለው።

ድሪሉን ከማንሳትሽ በፊት ግን ዛፉ ሜፕል መሆኑን አረጋግጪ። ቅጠል በሌለበት ወቅት አንዱ ምልክት ቅርንጫፉ ነው፤ ቀንበጡም እንቡጡም ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል። ነገ ሲነጋ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።