ብርድ የሚችል ፕሪም በጓሮ፦ ጥያቄና መልስ

ዛፌ አምስት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ በአበባ ይሸፈናል፤ ፍሬ ግን የለም። ብርዱ ይሆን?

ወንድሜ፣ ብርዱ ቢጎዳው ኖሮ ያን ሁሉ አበባ ባላየህ። እኔ የምጠረጥረው ብቻውን መቆሙን ነው። ብርድ ከሚችሉት ዝርያዎች ብዙዎቹ የአሜሪካ የዱር ፕሪምና የጃፓን ፕሪም ድቅሎች ናቸው፤ በራሳቸው የአበባ ብናኝ አያፈሩም። ይህን የሰማ ሰው ደግሞ ሮጦ ሁለት ድቅሎችን ጎን ለጎን ይተክልና እንደገና ባዶ እጁን ይቀራል፤ ድቅሎቹ እርስ በርስ ብዙም አይረዳዱምና። «ሱፒሪየር» ወይም «ፓይፕስቶን» ለሚባሉት ድቅሎች የአበባ ብናኝ የሚሰጥ ጓደኛ ስትፈልግ የዱሩን ፕሪም ወይም «ቶካ» የተባለውን ዝርያ ምረጥ። የአውሮፓ ፕሪም አይሆንህም፤ የእሱ ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ ዘር ተሸካሚው ክር) 48፣ የእነዚህ 16 ስለሆነ አይገጥሙም። ቦታ ከጠበበህ ከዱሩ ፕሪም አንድ ቀንበጥ ቆርጠህ እዚያው ዛፍህ ላይ ቀጥልበት። አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል፤ የቀረውን ንቦቹ ይሠሩታል።

አበባው ስንት ዲግሪ ይችላል?

ቅጠሉን አራግፎ እንቅልፍ ላይ ያለ የዱር ፕሪም ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። የፈካ አበባ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከዜሮ በታች 2 ገደማ ሲደርስ ከአሥሩ አንዱ፣ 5 ሲደርስ ዘጠኙ ይረግፋል። ስለዚህ ጎድጓዳ ቦታ ላይ አትትከሉ፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ፀሐይ የሚያሞቀው ግድግዳ ሥርም አልመክርም። አበባውን ያለጊዜው ቀስቅሶ ለውርጭ ይሰጠዋል።

የግንዱ ቅርፊት በአንድ በኩል ብቻ ተሰነጠቀ።

የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት ጎን መሆን አለበት። ቀን ይሞቃል፣ ማታ በድንገት ይቀዘቅዛል። ብርዱ ሳይገባ ግንዱን በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ቀቡት።

ማዳበሪያ መቼ ልስጥ?

ቅጠል ማውጣት ሲጀምር። ሙቀቱ ሊያልቅ ሲል ናይትሮጅን ከሰጡት የሚያወጣው ለጋ ቀንበጥ ሳይጠነክር ብርዱ ይደርስበታል።

ቅርንጫፉ ላይ ጥቁር ሻካራ እብጠት አየሁ። ትንሽ ልጠብቅ?

አትጠብቂ እህቴ። ፈንገስ ነው። ዛፉ ቅጠል አልባ ሳለ፣ ከእብጠቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግንዱ ዝቅ ብለሽ ቁረጪና አቃጥይው። እኔ «አንዲት እብጠት ምን ታደርጋለች» ብዬ አንድ ዓመት ትቻት ግንዱ ድረስ ወረደች፤ ሲያፈራልኝ የኖረውን ዛፍ በእጄ ነቀልኩት።