ለጀሞዋ እህታችን፦ ከካሳው በፊት መሻገሪያውን ጠይቂ

እህቴ፣ «ከዊንጌት ጀሞ የታሰበው የፈጣን አውቶቡስ መስመር አጥራችንንና ሱቃችንን ይነካል ተብሏል፤ ካሳው እንዴት ነው?» ላልሽው ነው ይህን የምጽፈው። እኛ ጉርድ ሾላ አስፋልቱ ዳር ነን። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የከተማ ባቡር በደጃችን ሲያልፍ ያየነው አንቺም የሚጠብቅሽ ነው።

1. ወረቀት። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚገመትልሽ በላዩ የሠራሽው ነው። ያለ ፈቃድ የቀጠልሽው ክፍል ካለ አትቁጠሪው፤ የጎረቤታችን የቆርቆሮ ሱቅ ልኬት ውስጥ ሳይገባ ነው የፈረሰው። እኛ ጋ መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማህደራችሁ የለም» አለችን። አባባ ምንም አልመለሰላትም። ከቀበሌ ዘመን ጀምሮ በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቀመውን የግብር ደረሰኝ አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረው። የጠፋው ማህደር ከጀርባዋ መደርደሪያ ላይ ተገኘ! ይቅርታ እንኳን የለም። ዋናውን ካርታ ለማንም አትስጪ፣ ኮፒ ብቻ።

2. ለኪዎቹ ሲመጡ ቤት ሁኚ። ሽንት ቤቱ፣ ቆጣሪው፣ የአጥሩ ግንብ መጻፉን ሳታዪ አትፈርሚ። ቅሬታ ካለሽ በአዋጅ 1161/2011 የማስለቀቂያው ትእዛዝ ከደረሰሽ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስገቢ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥርም ተቀበይ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ማንም አያስታውስልሽም።

3. መሻገሪያ። ካሳውስ ተከፈለን፣ አነሰም በዛም። የግንባታውን አቧራም ቻልነው። ሱቃችንን የገደለው ጥቅምት 2008 ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ሐዲዱ መሃል መንገዱን ይዞ ታጠረ፤ ከማዶ ዳቦና ዘይት ሊገዛ የሚመጣው ሰው ሁሉ እስከ ጣቢያው ሄዶ ዞሮ መምጣት ሆነበት። ለአንድ ዳቦ ማን ይዞራል? ተከራያችን ኪራይ ቀንሰንለት እንኳ ለቀቀ። እድራችንም ለሁለት የተከፈለ ያህል ነው፤ ማዶ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑን በመኪና አዙረን ነው የምንወስደው። እማማ ደግሞ ማዶ ያለች ጓደኛዋን ቡና መጥራት ትታለች፣ ጉልበቷ አይችልም።

አንቺ ጋ የሚመጣው ሐዲድ ባይሆንም ነገሩ ያው ነው። ፈጣን አውቶቡስ የሚፈጥነው የራሱን መስመር ለብቻው ስለሚይዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ መሃል መንገዱን ይይዛል፣ ጣቢያውም እዚያው መሃል ይሆናል። መስመሩ እንዳይቋረጥ ሲባል ወደ ግራ መታጠፊያው ይዘጋል፣ ወደ ሰፈርሽ የሚገባ መኪና ርቆ ሄዶ ይዞራል። ጣቢያና ዜብራ ፊትሽ ከዋለ ግን የሱቅሽ ገበያ ይደራል፤ ይህንንም አልክድም። ስለዚህ ዲዛይኑን አሳዩኝ በይ፦ ዜብራው የት ነው፣ መኪና የሚዞረው የት ነው፣ እቃ የሚያራግፍ አይሱዙ የት ይቆማል?

እኔ ይህንኑ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ጠይቄ ነበር። ሰብሳቢው «የዛሬው አጀንዳ ካሳ ነው፣ ተቀመጥ» አለኝ። አዳራሹም ሳቀብኝ። አጥሩ ከቆመ በኋላ እነዚያው የሳቁት ሰዎች የአቤቱታ ፊርማ ይዘው ቤቴ መጡ፤ «አንተ ቀድመህ ገብቶህ ነበር፣ ጻፍልን» ብለው። ጻፍኩላቸው። የመጣው መልስ «ሥራው ስለተጠናቀቀ» የሚል ነበር።

ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ ብቻሽን አትሂጂ። ከማዶ ያሉትንም ባለሱቆች፣ የእድሩን ዳኛም ይዘሽ ግቢ፣ ጥያቄያችሁም በቃለ ጉባኤው ላይ ካልሰፈረ የመገኘት ፊርማችሁን አትፈርሙ።