መልስ፦ በፖስታ የላኩት ማስጠንቀቂያ መድረሱን በምን ላስረዳ?

ወንድሜ፣ ማስጠንቀቂያ የላክህለት ተከራይ «ምንም ደብዳቤ አልደረሰኝም» ቢል በምን አስረዳለሁ ላልከው፣ ቴምብር ለጥፈህ ሳጥን ውስጥ ብቻ ከጨመርከው ማስረጃ የለህም፣ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ሄደህ በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ ደረሰኝ በሚሰጥበት አደራ ደብዳቤ) ላከው፣ ተቀባዩ ፈርሞ የሚመለሰውን ካርድም አብረህ ጠይቅ። ግን ደረሰኙ መላክህን እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም እኮ! ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚች ጋ ነው፣ ተከራዩ «የደረሰኝ ባዶ ወረቀት ነው» ቢልስ? ስለዚህ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ፖስታው ላይ ጻፍ፣ የፈረምክበትን ኮፒ ከደረሰኙ ጋር በስቴፕለር ምታው፣ ደረሰኙን ደሞ ቶሎ ፎቶ አንሳው ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከሆነ ግን ዝም ብለህ በራስህ ፖስታ አትላክ፣ ልደታ ፍርድ ቤትም ይሁን ሌላ ችሎት ዳኛው ባዘዘው መንገድ ነው፣ ያደረሰው ሰው መቼ ለማን እንደሰጠ፣ አልቀበልም ካለም ያንኑ በመሐላ ጽፎ ይመልስ።