የጎመን ክሽክሽና በላተኞቹ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ከጎረቤቶቼ ጋር ግቢያችን ውስጥ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተክለናል። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ የጎመኑን ቅጠል አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቃቅን ነገር ወረረው። አሁን ደግሞ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው፣ እሾሃማ ጥቁር ትል መጣበት። አንድ ጎረቤታችን መድኃኒት ገዝቶ ሊረጭ ነው። ይርጨው?

መልስ፦ እባክዎ እንዳይረጭ ይንገሩት። አመድ የመሰለው የጎመን ክሽክሽ የሚባል፣ የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው። ዝናብ ሲኖር ይታጠባል፣ በጋ ሲገባ ይበረታል። ጥቁሩ ትል ግን ክሽክሹን ሊበላ የመጣ ነው። ያቺን ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ክብ ጢንዚዛ ያውቋታል አይደል? ትሉ የእሷ ልጅ ነው። እናቱን ስለማይመስል ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቀዋል። ይህን ሳይ በጣም ያንገበግበኛል። አንዱ ትል ብቻ አድጎ ጢንዚዛ እስኪሆን በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል።

አብጦ ቡናማ የሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ክሽክሽ ካዩም ደስ ይበልዎ። በጣም ትንሽ ተርብ ሆዱ ውስጥ እንቁላሏን ጥላበታለች። ከዚያ የምትወጣዋ ተርብም ሌሎቹን ክሽክሾች ወግታ እንቁላሏን ትጥልባቸዋለች።

መድኃኒቱ እነዚህን ሁሉ ይፈጃል። ክሽክሽ ደግሞ ያለ ወንድ ይራባል፤ ያውም እንቁላል ሳይጥል ይወልዳል። የተረፉት ጥቂቶች ቅጠሉን ቶሎ መልሰው ይሞሉታል። ጢንዚዛዋ እንዲህ አትፈጥንም። በዚያ ላይ ሰላጣው አጠገቡ ነው፣ የሚበላውም ጥሬውን ነው።

ክፉኛ የተወረረውን ቅጠል፣ ትሉ እንደሌለበት አይተው፣ ቀጥፈው ይቅበሩ። የቀረውን ጀርባውን በውሃ ይጠቡት። ካልለቀቀ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይርጩ። ክሽክሹ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ሰም ስለሆነ ውሃ ብቻውን ይንሸራተታል። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ገልብጠው ይርጩ፣ ትሉ ያለበትን ይለፉት። ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ይድገሙት። በረኪናና የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠሉን ያቃጥላሉ።

ዩሪያ የምታበዙ ከሆነ ቀንሱ። ክሽክሽ ለምለም፣ ጮርቃ ቅጠል ይወዳል።

በመደቡ ዳር ድንብላልና እንስላል ዝሩ። ሁሉንም አትቅጠፉት፣ ከፊሉ ያብብ። ተርቧ ካደገች በኋላ የምትኖረው በአበባ ማር ነው። አበባ በሌለበት ግቢ ብዙም አትቆይም።

ቦታው የጋራ ስለሆነ ደግሞ አንድ ሰው የረጨው የሁላችሁንም ይነካል። ሳይነጋገር ማንም እንዳይረጭ ተስማሙ። ያረጀ የጎመን ግንድ የማን ነው ሳትባባሉ ንቀሉት፤ ክሽክሹ ወደ አዲሱ ችግኝ የሚሻገረው ከዚያ ነው።