የጭን መደንዘዝና የጭን ጡንቻዎች ነርቮች

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት የታክሲ ሹፌር ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የቀኝ ጭኔ ውጫዊ ጎን ይደነዝዘኛል፤ አንዳንዴም ያቃጥለኛል፣ ሱሪ ሲነካው ይቆጠቁጠኛል። ደረጃ መውጣትም ሆነ ፍሬን መርገጥ አይከብደኝም። ሆኖም ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ተጎድቶ እግሬ ሽባ እንዳይሆን ሰግቻለሁ።

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ደረጃ መውጣት አለመክበድዎ ትልቅ ፍንጭ ነው። ከፊት ያለው ባለ አራት ራሱ ጡንቻ ኳድሪሴፕስ ጉልበትን የሚዘረጋ ሲሆን፣ የሚታዘዘውም ከ2ኛው እስከ 4ኛው የወገብ ነርቭ ሥሮች ተነሥቶ በብሽሽት በኩል ወደ ጭን በሚገባው በፌሞራል ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ቢጎዳ ኖሮ ደረጃ ላይ ጉልበትዎ ይከዳዎት ነበር፤ ሐኪም ከጉልበት ሎሚ በታች በመዶሻ መታ ሲያደርግም እግርዎ ወደ ፊት መፈናጠሩ ይደክም ነበር። ጭንን ወደ ውስጥ የሚሰበስቡትን ጡንቻዎች ከእነዚያው ሥሮች የሚነሣው ኦብቱሬተር ነርቭ፣ ጉልበትን የሚያጥፉትን የኋላ ጡንቻዎች ደግሞ ስያቲክ ነርቭ ያዛቸዋል። አዳክተር ማግነስ የተባለው ትልቅ ጡንቻ ግን ከሁለቱም ይቀበላል።

እርስዎ የገለጹት ስሜት ከእነዚህ ከሦስቱ የተለየ፣ ከ2ኛውና ከ3ኛው የወገብ ሥር የሚነሣ ቀጭን ነርቭ ሲጨመቅ የሚከሰተውን ይመስላል። ነርቩ ቀበቶ ከሚያርፍበት የዳሌ አጥንት ጫፍ አጠገብ ከብሽሽት ጅማት ሥር አልፎ ወደ ጭን ውጫዊ ቆዳ ይሄዳል፤ አንድም ጡንቻ ስለማያዝ ሲጨመቅ ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል እንጂ አቅም አያሳጣም። ሐኪሞች ሜራልጂያ ፓሬስቴቲካ የሚሉት ይህንኑ ነው። ጠባብ ቀበቶ፣ የሆድ መግዘፍ፣ እርግዝናና የስኳር ሕመም ያጋልጣሉ።

ቀበቶዎን ያላሉ፤ ክብደት ጨምረው ከሆነ ይቀንሱ፤ የደም ስኳርዎንም ይለኩ። ብዙዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል። የነርቭ መርፌ በሚል ስም ያለ ምርመራ መቀመጫ ላይ መወጋትን ግን አጥብቀን እንቃወማለን፤ መርፌው ቦታውን ከሳተ በዚያ የሚያልፈውን ስያቲክ ነርቭ ሊጎዳና በርግጥም እግርን ሊያሰንፍ ይችላልና።

ጉልበትዎ መክዳት ከጀመረ፣ ጭንዎ ከሳ፣ ወይም ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ ከጉልበት በታች ከወረደ ሐኪም ያማክሩ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ወይም በሁለት እግርዎ መካከል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።