ቅስቱ ለምን ይሸበሸባል?

ጥያቄ፦ ከአቡጀዲና ከባና ቁርጥራጭ የትራስ ልብስ እየሰፋሁ ነው። በሰሃን ጠርዝ ሩብ ክብ አስምሬ፣ ሁለቱን ጨርቆች ደርቤ በአንድ መስመር ብቆርጣቸውም ሲሰፉ አይገጥሙም፤ ቅስቱም ይሸበሸባል። ምን ባደርግ ይሻላል?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ችግሩ ከእጅዎ ሳይሆን ከአቆራረጡ ነው። በአንድ መስመር ከተቆረጡት ጨርቆች ከእያንዳንዳቸው 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ሲያዝ፣ ወደ ውጭ የጎበጠው ቅስት ያጥራል፣ ወደ ውስጥ የጎበጠው ደግሞ ይረዝማል፤ በሩብ ክብ ላይ ልዩነቱ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የስፌቱን መስመር በካርቶን ላይ ካሰመሩ በኋላ፣ ለየቁራጩ የስፌት ትርፍ ጨምረው ሁለት የተለያዩ ንድፎች ያውጡ። ከዚያም የሁለቱንም ቅስት መሃል በማጠፍ ምልክት ያድርጉ፤ መሃሉን አስቀድመው፣ ጫፎቹን አስከትለው በስፒል ካያያዙ በኋላ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠውን ከላይ አድርገው፣ በየመሃሉ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ የማሽኑን እግር እያነሡ፣ ዝግ ብለው ይስፉ። ጨርቁን አይጎትቱት፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ቶሎ ይለጠጣል። ስፌቱ ሲያልቅ ወደ ውስጥ የጎበጠውን ትርፍ፣ ክሩን ሳይነኩ፣ በመቀስ ጫፍ እዚህም እዚያም ሰንጠቅ አድርገው ይተኩሱት። ባናውን ግን፣ የመንዝ ሰው ቢቀየመኝም፣ ለትራሱ ጀርባ ያውሉት፤ ለቅስት እጅግ ወፍራም ነው።