ለታክስ ተብሎ ስቴት ይቀየራል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነኝ፣ በ1099 ነው (ተቀጥሬ ሳይሆን በግሌ) ቪዲዮ ኤዲት የማደርገው፣ ዳላስ ያለው ጓደኛዬ "እዚህ ስቴት ታክስ የለም፣ ና" እያለ ነዘነዘኝ። ልሂድ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልዋሸህም፣ ቴክሳስ የገቢ ታክስ የላትም፣ ሜሪላንድ ላይ ግን ከስቴቱ ሌላ ካውንቲህ ራሱ ከ3 ፐርሰንት በላይ ይወስዳል። ግን ወገብህን የሚቆርጠው 15.3 ፐርሰንቱ ሴልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (በግሉ የሚሰራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው) ነው፣ እሱ ደግሞ የፌደራል ስለሆነ የትም ብትሄድ ይከተልሃል። ቴክሳስም በገቢ የተወችውን በፕሮፐርቲ ታክስ ትለቅመዋለች፣ ቤት ባትገዛም አከራይህ ኪራዩ ላይ ይጭነዋል፣ ሴልስ ታክሱም ዳላስ 8.25 ነው እዚህ 6። ስለዚህ መጀመሪያ ደንበኞችህን ቁጠር፣ ስራህ በብዛት የዲሲ አካባቢ ሰርግና ምርቃት ከሆነ እዛ ሄደህ ከዜሮ ልትጀምር ነው፣ ሁሉም ኦንላይን ከሆነ ግን ሊያዋጣህ ይችላል። ከሄድክ ደግሞ ጠቅልለህ ሂድ፣ አፓርታማህን እዚህ ይዘህ ከስድስት ወር በላይ ከተገኘህ ሜሪላንድ ነዋሪዬ ነህ ነው የምትልህ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ለአርቲስት ታክስ ትቀንሳለች የሚሉት እውነት ነው? ሰዓሊ ነኝ።

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ የሚያናድደኝ የኛ ሰው አለማወቁ ነው። ስቴቱ አርትስ ኤንድ ኢንተርቴይንመንት ዲስትሪክት ብሎ የከለላቸው ቦታዎች አሉ፣ መሀል ሲልቨር ስፕሪንግ አንዱ ነው። ከነዚህ ክልሎች ውስጥ ስለሽ እዛው ክልል ውስጥ የሸጥሽው ስዕል ገቢ ከሜሪላንድ ታክስ ላይ ይቀነስልሻል፣ ከክልሉ ውጪ ቤዝመንትሽ ውስጥ ከሳልሽው ግን አይሆንም። ደረሰኝሽ ላይ የተሸጠበትን አድራሻ ጻፊበት፣ ታክስ የሚሰራልሽ ሰው ካላነሳው አንቺ አንሺው።

ጥያቄ፦ አትላንታ ፊልም ላይ መብራት ነው የምሰራው፣ ጆርጂያ 30 ፐርሰንት ትመልሳለች ይባላል፣ የኔ ታክስ ለምን አልቀነሰም?

መልስ፦ ክሬዲቱ፣ ማለትም የታክስ ቅናሹ፣ ፊልሙን ለሚሰራው ካምፓኒ እንጂ ላንተ ስላልሆነ ነው። ቢያንስ 500,000 ዶላር ጆርጂያ ውስጥ ላወጣ ፕሮዳክሽን 20 ፐርሰንት፣ የስቴቱን ሎጎ ካሳየ 10 ይጨመርለታል፣ እዛ የሚከፍለው ታክስ ከሌለውም ክሬዲቱን ለሌላ ይሸጠዋል። ላንተ የሚደርስህ ስራው ብቻ ነው፣ እሱም ይሄዳል፣ ካሊፎርኒያ በ2025 ለፊልም ታክስ ክሬዲት የምትመድበውን የዓመት በጀት ከ330 ወደ 750 ሚሊዮን ዶላር አሳደገች፣ ቴክሳስም ለፊልም በየሁለት ዓመቱ 300 ሚሊዮን መደበች። ስቴቶቹ ለካምፓኒ ሲሻሙ ከከተማ ከተማ የሚንከራተተው ሰራተኛው ነው፣ ይሄ ልክ አይደለም ብዬ ነው የማምነው። ሞርጌጅ ስትፈርም በዚህ ተማምነህ አትፈርም።

ጥያቄ፦ ተልሳ ኦክላሆማ ለሚመጣ ሰው 10,000 ዶላር ትሰጣለች?

መልስ፦ አዎ፣ ከተማው ራሱ ሳይሆን ተልሳ ሪሞት የሚባል ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ ይሰጣል፣ ከስቴቱ ውጪ ያለ የሪሞት ስራ ይዘህ ከሄድክና ከተቀበሉህ። ብሩ ራሱ ግን ታክስ አለበት፣ ሁሉንም እንዳትጨርሰው።